ቦቢን ወደ ድሬ ልመልሰው?

«ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ከዚራ ነው። ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ሥራ አግኝቼ ከመጣሁ 4 ወር ሆነኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ቦቢ የሚባለውን ውሻዬን ይዤ መጣሁ። አባቴ ከማረፉ በፊት ያሳደገው ስለሆነ ጥዬው መምጣት አልሆነልኝም። ጠዋት 1 ሰዓት ወጥቼ ማታ 12 ሰዓት ተኩል እገባለሁ። ቀኑን ሙሉ ይጮኻል ይሉኛል። የብሎካችን ኮሚቴ አስወጪው ብሎኛል። አከራዬም ደውላ ተቆጥታለች። ልጆች ድንጋይ ይወረውሩበታል፤ የሰፈሩ ውሾች ያባርሩናል። ከቦቢ በቀር የማወራው ሰው የለኝም። እናቴ ላኪልኝ ትላለች። ልላከው ወይስ ልታገል?»

እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። መልሴን ከፊት ልንገርሽ። ቦቢን አሁን አትላኪው። በዚህ አያያዝ ግን መቀጠልም የለባችሁም። ግቢ ለለመደ ውሻ በቀን ከ11 ሰዓት በላይ ብቻውን ፎቅ ላይ ተዘግቶ መዋል ስቃይ ነው። ግድግዳ ለግድግዳ ለሚኖር ሰው ደግሞ ጩኸቱን ሲሰማ መዋል ስቃይ ነው። ጎረቤቶችሽ ያማረሩት በከንቱ አይደለም።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። 4 ወር ኖረሽ የአንድ ጎረቤት ስም አላነሳሽልኝም። ኮሚቴው፣ አከራይዋ፣ ልጆቹ ነው ያልሽው። እነሱም አንቺን «ያቺ ውሻ ያላት ልጅ» ከማለት አልፈው በስም የሚያውቁሽ አይመስለኝም። የማትታወቅ ሰው ውሻ ሲጮህ ረብሻ ይባላል። የሚያውቋት ልጅ ውሻ ሲጮህ «ምን ሆኖ ነው ዛሬ?» ይባላል። ስለዚህ ከቦቢ በፊት አንቺ ሰፈሩ ውስጥ ግቢ።

ድሬ ላይ «አቦ» ብሎ ወሬ ለመጀመር መተዋወቅ አያስፈልግም። ቱሉ ዲምቱ ይህ አይሠራም፤ ሰዉ ክፉ ሆኖ ግን አይደለም። ቤቱ በዕጣ የደረሰ ነው። አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከጉለሌ፣ አንዱ ከቄራ መጥቶ ነው በአንድ ደረጃ የሚወጣው የሚወርደው። ብዙው ባለ ዕጣ አከራይቶ ሌላ ቦታ ይኖራል። ተከራይ ይመጣል፣ ይለቃል። ነገ ትሄዳለች ብሎ ከሚያስባት ልጅ ጋር ለመላመድ ማንም አይቸኩልም። ልትኖሪ እንደመጣሽ የምታሳዪው አንቺ ነሽ።

የፊታችን እሑድ ቡና አፍዪ። በደረጃሽ ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ አንኳኩተሽ ራስሽ ጥሪ፤ በቴሌግራም ግሩፕ የሚሆን ጥሪ አይደለም። ትልልቆቹን «እትዬ፣ እሑድ ከሰዓት ቡና እኔ ጋ ይጠጡልኝ» በያቸው። እናትሽ ከድሬ ሐልዋ ብትልክልሽ ደግሞ ወሬው ራሱ ይመጣል። ካልሆነም ቆሎና ፈንዲሻ ይበቃል። ቦቢን መኝታ ቤት አስገብተሽ ዝጊበት። አሳዪን ካላሉሽ አታውጪው። ብዙ ክርስቲያን ውሻ ዕቃውንና ምንጣፉን እንዲነካበት አይፈልግም። ሙስሊም ጎረቤትሽም የውሻ ምራቅ ልብሷን ከነካት ለሶላት ማጠብ ይኖርባታል። ድሬ ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። በዚህ እንዳትቀየሚ።

ቡናው ላይ ስለ ጩኸቱ ይቅርታ ጠይቂ። ማብራሪያ አታብዢ። ከዚያ ጠይቂያቸው። በስንት ሰዓት ነው የሚጮኸው? መቼ ይብሳል? የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው አለ? አራስ አለች? ይህን የምታውቀው ቤት የምትውለው ጎረቤትሽ ናት። «ቀኑን ሙሉ» የተባለው ሲጣራ አንዳንዴ አንቺ እንደወጣሽ ያለው አንድ ሰዓትና ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ያለው ግርግር ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያው ናፍቆት ነው፤ ሁለተኛው ጥበቃ ነው። መፍትሔያቸውም ይለያያል።

ሌላም አለ። ብሎኩ ሥር ድንኳን ተተክሎ ስታዪ አልፈሽ አትሂጂ። ሟቹን ባታውቂውም ነጠላ ጣል አድርገሽ ግቢና ተቀመጪ። አስተዛዝኚ፤ በማግስቱም ብቅ በዪ። እድሩ ተከራይ ይቀበል እንደሆነ ዳኛውን ጠይቂ። የደረጃ ጽዳትና የጥበቃ መዋጮሽን ሳይጠይቁሽ ክፈዪ። እንደ ቱሉ ዲምቱ ባለ አዲስ ሰፈር ሰው ሰፈርተኛ የሚሆነው ከምንም በላይ ለቅሶ ቤት ነው ብዬ አምናለሁ። የፋብሪካው ሰርቪስ ውስጥ ጎንሽ የምትቀመጠውም ልጅ ያው ሰፈርሽ ናት። ስልኳን ያዢ።

አሁን ወደ ኮሚቴው እንሂድ። ባዶ እጅሽን አትሂጂ። የክትባት ወረቀቱን ያዢ፤ ለጩኸቱ ምን እንዳሰብሽም ተናገሪ። «የ1 ወር ጊዜ ስጡኝ፤ ካልተሻለው እኔው መፍትሔ አመጣለሁ» በያቸው። የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ስለ እንስሳ ምን እንደሚል እንዲያሳዩሽ በትሕትና ጠይቂ። አከራይሽ ውጪልኝ ብትል ደግሞ ዝም ብለሽ ዕቃሽን አትጠቅልዪ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ቢያንስ ለ2 ዓመት እንዲሆን ያዛል። ውልሽ በጽሑፍ ከሌለና ወረዳ ካልተመዘገበ ይህን ጨርሺ። ግን በአዋጅ ወሬውን አትክፈቺ። ደንብ እየጠቀሰ የመጣን ሰው የሰፈር ኮሚቴ አይወደውም፤ አንቺ ደግሞ ከእነሱ ጋር ለዓመታት ልትኖሪ ነው።

ስለ ጩኸቱ ደግሞ ይህን ሞክሪ። ጠዋት 12 ሰዓት ሲነጋ አውጪው። 40 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ፤ እንዲያሸት ጊዜ ስጪው። ስትመለሱ ውሃውን ይጠጣ፣ ትንሽ ይረፍ፤ ልትወጪ ስትይ ምግቡን ስጪው። የደከመና የጠገበ ውሻ ይተኛል። ምግቡን በአንድ ሳህን ከማቅረብ ይልቅ ከፊሉን አሮጌ ካርቶን ውስጥ ደብቂ፣ ከፊሉን ጨርቅ ውስጥ ጠቅልዪ። እየፈለገ ሲበላ ያለው ጊዜ የማይጮኽበት ጊዜ ነው። የበረንዳውን በር ዝጊ፤ ከላይ ሆኖ የሚያየው ሰውና ውሻ ሁሉ ያስጮኸዋል። ሬዲዮ ዝቅ አድርገሽ ክፈቺለት። ስትወጪ አታባብዪው፣ አትሰናበቺው። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ መለያየትን አለማምጂው። 5 ደቂቃ ወጥተሽ ተመለሺ፣ ቀጥሎ 10፣ ቀጥሎ ግማሽ ሰዓት። ማታ ገብተሽ ስሞታ ስትሰሚ ግን እንዳትመቺው። ዱላውን ከቀኑ ጩኸት ጋር አያገናኘውም። አንቺን መፍራት ብቻ ነው የሚማረው።

ይህም ሆኖ ቀትር ላይ አንድ ሰው ያስፈልገዋል። ወርዶ የሚሸና፣ ትንሽ የሚንቀሳቀስ፣ የሰው ፊት የሚያይ ከሆነ የቀረውን ቀን ይችለዋል። ከጥበቃዎቹ አንዱን ወይም ሥራ የሚፈልግ የጎረቤት ወጣት በወር ተስማሚ። መጀመሪያ አንቺ ባለሽበት ይላመዱ፤ እሱ ራሱ ያብላው። ቁልፍ የሚሰጠው ሰው የትኛው እንደሆነ ቡና የጠሩሽና የጠራሻቸው ሰዎች ይነግሩሻል።

ልጆቹ ላይ እንዳትጮኺ። ድንጋይ መወርወራቸው ልክ ነው አላልኩም። ፍርሃታቸው ግን ምክንያት አለው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ወደ ሰው ከሚተላለፈው እስከ 99 በመቶው በውሻ ነው። ተጠርጣሪ እንስሳ ከሚነክሳቸው ሰዎች 40 በመቶ ያህሉም ከ15 ዓመት በታች ልጆች ናቸው። ልጇን ከማታውቀው ውሻ የምታርቅ እናት ትክክል ናት። ልታረጋግጪላት የሚገባሽ አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ቦቢ በዚህ ዓመት ካልተከተበ ይህን ሳምንት አስከትቢው። በየዓመቱ ይደገማል። አንቺ ያለሽበት ቦታ ለዚህ ጥሩ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ቢሾፍቱ ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ ወደዚያ መሄድ መሃል ከተማ ከመግባት ብዙ አይከብድም። ሚኒባስ ውሻ አይጭንልሽም። ከሰፈር ሰዎች ጋር ሆነሽ መኪና ኮንትራት ያዢ። የክትባት ወረቀቱን ኮፒ አድርገሽ አንዱን ለኮሚቴው፣ አንዱን ለአከራይሽ ስጪ። አንገቱ ላይም ስልክሽ የተጻፈበት ማሰሪያ አድርጊለት። ባለቤት አልባ ውሾችን በመርዝ ማስወገድ በከተማችን ሲደረግ የቆየ ነገር ነው። አንገቱ ባዶ የሆነ ውሻ ብቻውን ሲዞር ከተገኘ ያንቺ መሆኑን ማን ያውቃል? የወደቀ ሥጋ እንዳያነሳም አስተምሪው።

አንድ ቀን ቦቢም ሆነ የሰፈሩ ውሻ ሰው ቢነክስ ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ ነው። ቧንቧው ከጠፋ ከጀሪካን እያፈሰሱ ማጠብ ነው። ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። ጠበልም የሚሄድ ይሂድ፤ የሐኪሙን ክትባት ግን አይተው፣ አያዘግይም። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ስለሚመጣ ቁስሉ ዳነ ብሎ መዘናጋት ሰው ያስገድላል። የነከሰው ባለቤት ያለው ጤነኛ ውሻ ከሆነ አይገደልም። ታስሮ 10 ቀን ይታያል። ይህን ለደረጃሽ እናቶች ብትነግሪያቸው ከቡናው በላይ ይጠቅማቸዋል። በሕግም ቢሆን የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2071 እንስሳው ያደረሰውን ጉዳት ባለቤቱ ላይ ይጥላል፤ አምልጦኝ ነው ማለት አያድንሽም። ስለዚህ ከበርሽ ጀምሮ በገመድ ይያዝ፣ ደረጃው ላይም ጭምር። ሰው ከታች ሲወጣ ካየሽ ቦቢን ወደ ግድግዳው ያዢና አሳልፊ። ኪዳን የምትሄድ እናት ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ስትወርድ ቦቢ ቢያሸታት የዓመት ቂም ነው።

ክረምት ላይ የቱሉ ዲምቱን ጭቃ ታዪዋለሽ። በር ላይ አሮጌ ጨርቅ አስቀምጪና እግሩን ሳትጠርጊ ደረጃ እንዳትወጡ። የጣለውንም ቆሻሻ በካርቶን ቁራጭ አንሺ። ይህን ስታደርጊ ሰው ያይሻል፤ ይየሽም።

የሰፈሩ ውሾች ሲመጡ አትሩጪ። ቦቢን ከኋላሽ አድርገሽ ቁሚ። ዱላ ያዢ። ድንጋይ የምታነሺ መስለሽ ጎንበስ ብትይ አብዛኞቹ ይመለሳሉ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት በአንድ መንገድ ከሄዳችሁ እያደር ይለምዷችኋል። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ግን ከብሎኩ ሥር አትራቁ። በከተማው ዳር ዳር ጅብ ይወርዳል፤ ውሻ ደግሞ ይወዳል። ቦቢ ሌሊት ድንገት ተነስቶ ከጮኸም አትገረሚ፤ ጎረቤቶችሽም የዚያን ሌሊቱን ጩኸት ይቅር ይሉታል።

ከብሎኮቹ ወዲያ ወዳለው ሜዳና እርሻ ስትወጡ በግና ጥጃ አለ። ገመዱን አሳጥሪ። እዚያ ያሉት ከኮንዶሚኒየሙ በፊት የነበሩ ገበሬዎች ናቸው። ድሬ ያደግሽ ከሆንሽ አፋን ኦሮሞ አይጠፋሽም። «አካም ጂርቱ» ብለሽ ቆም በዪ፤ የየትኛው ወንዝ ዳር ሰው እንደሆንሽ ይጠይቁሻል። ውሻ ከእነሱ በላይ የሚያውቅም የለም። የትኛው መንገድ ክፉ ውሻ እንዳለበት፣ ጅቡ በየት በኩል እንደሚመጣ ይነግሩሻል። እኔ ብሆን የመጀመሪያ ወዳጆቼን የምፈልገው እዚያ ነው።

ምግቡን አስመልክቶ አልጠየቅሽኝም፤ ግን ልናገር። የወጥ ትራፊ ፍርፍር አትስጪው። የእኛ ወጥ ከሽንኩርት ይጀምራል፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ባዶ እንጀራ ወይም ሩዝ ከተቀቀለ ሳንባ ጋር ይሻለዋል። ሳንባና ጉበት ጥሬውን በፍጹም አይሆንም። ውስጡ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሊኖር ይችላል፤ ውሻው ከበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድግና ዕንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ አንቺና ወደ ልጆቹ ይተላለፋል። በበዓል ሰሞን፣ ፋሲካም ይሁን አረፋ፣ ሜዳው ላይ የሚጣለው የበግ የሆድ ዕቃ አደጋው ይህ ነው። በደንብ ቀቅዪው። የትል መድኃኒቱንም በየ3 ወሩ ስጪው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም አይሆንም፤ ይሰነጠቅና ጉሮሮውን ይወጋል። በሁዳዴ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ሙስሊም ሥጋ ቤት ፈልጊ።

ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ቦቢ ብርድ አያውቅም። ሲሚንቶ ላይ አይተኛ፤ ከሥሩ ማዳበሪያና ብርድ ልብስ አንጥፊለት።

1 ወር ይህን አድርገሽ ከተሻለው እሰየው። ካልተሻለው ለኮሚቴው የገባሽውን ቃል አክብሪ። ያ ማለት ግን ወደ ድሬ መላክ አይደለም። መጀመሪያ ግቢ ያለው ቤት ፈልጊ። እዚያው አካባቢ፣ ወደ ገላንና ወደ ዱከም በኩልም፣ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት የሚያከራዩ ሰዎች አሉ። ውሻ ላለው ተከራይ ፊት የሚያዞር አከራይ አለ። ግቢዬን የሚጠብቅልኝ አገኘሁ ብሎ የሚደሰትም አለ። ለደላላው ገና ከስልኩ ላይ ውሻ እንዳለሽ ንገሪው፤ ደብቀሽ አትግቢ። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነና ቦቢ መብላት ካቆመ፣ መክሳት ከጀመረ፣ ያኔ እናትሽ ጋ ይሂድ። የሚያውቀው ግቢና የሚያውቃት ሰው ስላሉት ይህ እሱን መጣል አይሆንም። ለእናትሽም ዛሬውኑ ደውለሽ «1 ወር ጠብቂኝ» በያት፤ እሷም ቁርጡን ትወቅ።

አዲስ ቤት ካገኘሽ ከ2 ወር በላይ ቅድመ ክፍያ አምጪ ቢሉሽ አዋጁ እንደማይፈቅድ አስታውሺ። ውሉ ላይም «ተከራይዋ አንድ የተከተበ ውሻ ይዛ ትኖራለች» የሚል መስመር ይግባ። ሁለታችሁም ፈርሙበትና ወረዳ ይመዝገብ።